እምብዛም የማይታዩ የምግብ ቧንቧ ካንሰሮች፦ ቀዶ ሕክምና የሚጠቅመው መቼ ነው?

በምግብ ቧንቧ ካንሰር ለታመመ ሰው ማሳከሚያ ገንዘብ በሚሰባሰብበት ጊዜ ሁሉ ሁለት የማይታረቁ ምክሮች ጎን ለጎን ይሰማሉ። አንዱ «ሳይውል ሳያድር ይቆረጥለት» ይላል፤ ሌላው «ካንሰር ቢላ ከነካው ይዛመታል፣ ባይነኩት ይሻላል» ይላል። ሁለቱም ወገኖች ለሐሳባቸው የሚጠቅሱት ሰው አያጡም፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዓመታት የኖረ ዘመድ አለ፣ ከሆስፒታል በወጣ በሁለተኛው ወር ያረፈ ጎረቤትም አለ። ክርክሩ የማያልቀው ሁለቱም ስለ አንድ በሽታ የሚያወሩ ስለሚመስላቸው ነው። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ግን የብዙ በሽታዎች የወል ስም ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል አንድ ሐኪም በሙያ ዘመኑ አንዴ ቢያያቸው ወይም ጨርሶ ባያያቸው የማይገርሙ ዓይነቶች ይገኛሉ። ቀዶ ሕክምና ይጠቅማል ወይ የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ነው።

«የጉሮሮ ካንሰር» ሲባል

በዕለት ተዕለት አማርኛ «የጉሮሮ ካንሰር» የሚለው አጠራር የማንቁርትን፣ ከአፍ በስተኋላ ያለውን የጉሮሮ ክፍልና የምግብ ቧንቧን ካንሰሮች አንድ ላይ ይጠቀልላል። እዚህ የሚነሳው የመጨረሻው ነው። የምግብ ቧንቧ ከአንገት ተነስቶ፣ በደረት ውስጥ ከመተንፈሻ ቧንቧና ከልብ በስተኋላ፣ ከአከርካሪ ፊት ለፊት አልፎ ጨጓራ ላይ የሚያበቃ፣ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም የጡንቻ ቱቦ ነው። ስለ ቀዶ ሕክምናው ክብደት ለመረዳት ይህ አቀማመጡ ብቻ ብዙ ይናገራል።

በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 511,000 የሚጠጉ ሰዎች በምግብ ቧንቧ ካንሰር እንደተያዙና ወደ 445,000 የሚጠጉት እንደሞቱ ይገመታል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከታማሚዎቹ ከመቶ ዘጠና አምስቱ ከሁለት ዓይነቶች በአንዱ የተያዙ ናቸው። የመጀመሪያው ከቧንቧው የውስጥ ሽፋን የሚነሳው ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ ነው፤ በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታየው፣ ከኢትዮጵያ ተነስቶ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በተዘረጋው የበሽታው መቀነት ውስጥም የሚገኘው ይኸው ነው። ሁለተኛው አዴኖካርሲኖማ ሲሆን በአብዛኛው በቧንቧው ታችኛው ጫፍ፣ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ እየተመለሰ ለዓመታት ባቆሰለው ቦታ ላይ ይነሳል። ጥናቶቹም፣ የሕክምና መመሪያዎቹም፣ የመድኃኒት ሙከራዎቹም የተሠሩት ለእነዚህ ሁለቱ ነው። ቀሪዎቹ ጥቂቶች በተውሶ መመሪያ የሚታከሙ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከቆዳ ውጭ የሚበቅል የቆዳ ካንሰር

ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል የቀዶ ሕክምናን ጥቅምም ወሰንም አጉልቶ የሚያሳየው የምግብ ቧንቧ ሜላኖማ ነው። ሜላኖማ ማለት ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡት ሜላኖሳይት ከሚባሉ ሕዋሳት የሚነሳ ካንሰር ነው። በነጮች ዘንድ በአብዛኛው ፀሐይ በሚያገኘው ቆዳ ላይ ይታያል፤ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ደግሞ በውስጥ እግርና በጥፍር ሥር ይበዛል። ብርሃን በማይደርስበት የምግብ ቧንቧ ውስጥ ይህ ካንሰር ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ1906 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመዘገብ፣ ከሌላ ቦታ ተሰራጭቶ የመጣ መሆን አለበት ብለው የጠረጠሩ ብዙዎች ነበሩ። በ1963 ግን የ100 ሰዎችን አስከሬን የመረመሩ ሐኪሞች በ4ቱ ጤነኛ የምግብ ቧንቧ ውስጥ ሜላኖሳይቶችን አገኙ። በፅንስነት ጊዜ ወደ ቆዳ የሚጓዙት እነዚህ ሕዋሳት ጥቂቶቹ መንገድ ስተው በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ እንደሚቀሩ ታወቀ። ካንሰሩ እዚያው ሊወለድ ይችላል ማለት ነው።

በሽታው ከምግብ ቧንቧ ካንሰሮች ሁሉ ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ብቻ ነው። በ60ዎቹ ዕድሜ አካባቢ ያሉ ሰዎችን፣ ከሴቶች ይልቅ ወንዶችን ይበልጥ ያጠቃል፤ የሚገኘውም በቧንቧው መካከለኛና ታችኛው ክፍል ላይ ነው። በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በኩል በሚገባ ካሜራ ባለው ተጣጣፊ ቱቦ ሲታይ፣ ቧንቧውን ዙሪያውን ከሚያጠነክረው ከተለመደው ካንሰር ይለያል። እንደ በሰለ ሾላ ተንጠልጥሎ ወደ ቧንቧው ክፍት የሚያድግ፣ ለስለስ ያለ፣ ብዙ ጊዜም ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ እብጠት ነው። ለስላሳና ተንጠልጣይ መሆኑ ለታማሚው ክፉ ዕድል ነው፤ ምግብ በጎኑ እያለፈ ስለሚሄድ፣ ሥጋ ሲተናነቅ፣ ቀጥሎ እንጀራ፣ በመጨረሻም አጥሚት አልወርድ ሲል ታማሚው ሐኪም ዘንድ በሚደርስበት ጊዜ እብጠቱ ብዙ ሴንቲ ሜትር አድጎ ይገኛል።

ምርመራውም ያሳስታል። ከአስር አንዱ ወይም ከዚያ የሚበልጡት የምግብ ቧንቧ ሜላኖማዎች ጥቁር ቀለም የላቸውም፤ በተለመደው የማይክሮስኮፕ ማቅለሚያ ብቻ ሲታዩ «በደንብ ያልተለየ ካርሲኖማ» ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ። ትክክለኛው ስም የሚገኘው ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ በሚባለው ዘዴ፣ ማለትም በሕዋሱ ውስጥ ያሉ ልዩ ፕሮቲኖችን ለይተው በሚያቀልሙ ፀረ እንግዳ አካላት ሲመረመር ነው። ለሜላኖማ ኤስ-100፣ ኤችኤምቢ-45 እና ሜላን-ኤ የሚባሉት ይፈለጋሉ። ስሙ ከተገኘ በኋላም ቆዳው፣ ውስጥ እግሩ፣ ጥፍሩ፣ ዓይኑና ፊንጢጣው ተፈትሾ በሽታው ከሌላ ቦታ አለመምጣቱ መረጋገጥ አለበት፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ከሆነ የምግብ ቧንቧን መቁረጥ ትርጉሙ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል።

ቀዶ ሕክምናው በቅርብ ሲታይ

ሜላኖማ ለጨረርም ሆነ ለተለመደው ኬሞቴራፒ እጁን በቀላሉ አይሰጥም። ስለዚህ በሽታው ከቧንቧውና ከአቅራቢያው ንፍፊቶች ካልወጣ፣ ዋናው ሕክምና ቧንቧውን ከነንፍፊቶቹ ማውጣት ሆኖ ቆይቷል። እብጠቱን ብቻ ቆርጦ መተው የማይበቃበት ምክንያት አለ፤ በምግብ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ያሉት የሊምፍ መስመሮች (ፈሳሽ ወደ ንፍፊቶች የሚያደርሱት ቀጫጭን ቱቦዎች) ወደ ጎን ከመውጣት ይልቅ ወደ ላይና ወደ ታች ይዘረጋሉ፣ የካንሰር ሕዋሳትም በእነሱ ተጉዘው ከዋናው እብጠት ርቀው ይበቅላሉ። ቧንቧው ሌሎች የሆድ አካላት ያላቸው የውጭ መሸፈኛ ስስ ልባስም የለውም። ካንሰሩ ጡንቻውን ካለፈ የሚያቆመው ግድግዳ የለም፤ ቀጥሎ የሚያገኘው የመተንፈሻ ቧንቧን ወይም ታላቁን የደም ቧንቧ ነው።

ዛሬ በብዛት የሚሠራበት አካሄድ በ1946 ዌልሳዊው ቀዳጅ ሐኪም አይቨር ሉዊስ ያስተዋወቀው ነው። መጀመሪያ ሆድ ይከፈትና ጨጓራው ከያዙት የደም ሥሮች ይፈታል፤ በቀኝ በኩል የሚመግበው አንድ የደም ቧንቧ ግን እንዳይነካ በጥንቃቄ ይጠበቃል፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የጨጓራው ሕይወት በዋናነት በእሱ ላይ ይንጠለጠላል። ጨጓራው በጎኑ ተቆርጦና ተሰፍቶ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ረጅም ቱቦ ይሆናል። ቀጥሎ ታማሚው በግራ ጎኑ ይዞርና ቀኝ ደረቱ ይከፈታል። በዚህ ጊዜ የማደንዘዣ ባለሙያው ቀኙን ሳንባ አሳርፎ ታማሚውን በግራው ብቻ ያስተነፍሳል። የታመመው የምግብ ቧንቧ ከልብ ጀርባ ተለቅቆ ይወጣል፣ ንፍፊቶቹ ይለቀማሉ፣ የጨጓራው ቱቦ ወደ ደረት ተስቦ ከተረፈው የቧንቧ ክፍል ጋር ይሰፋል። ዕጢው ከፍ ብሎ የሚገኝ ከሆነ ስፌቱ አንገት ላይ ይደረጋል። ሥራው ብዙ ሰዓታት ይፈጃል።

የሁሉም ሥጋት ያች ስፌት ናት። በጨጓራው ቱቦ ጫፍ ላይ የሚደርሰው ደም ጥቂት ስለሆነ አንዳንዴ አትገጥምም፤ ምራቅና የጨጓራ ፈሳሽ ወደ ደረት ሲፈስ ታማሚው በሰዓታት ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። በ2015 እና በ2016 በ14 አገሮች በሚገኙ ልምድ ባላቸው 24 ሆስፒታሎች የተሠሩ 2,704 ቀዶ ሕክምናዎች ሲቆጠሩ፣ ከመቶ 59ኙ ታማሚዎች ቢያንስ አንድ ውስብስብ ችግር አጋጥሟቸዋል፣ በ11.4 በመቶዎቹ ስፌቱ አፍስሷል፣ በ90 ቀናት ውስጥም 4.5 በመቶዎቹ ሞተዋል። እነዚህ የምርጦቹ ሆስፒታሎች ቁጥሮች መሆናቸው መዘንጋት የለበትም። ወደ ድምፅ አውታር የሚሄደው ነርቭ ሲነካ ድምፅ ይጎረንናል፤ የሳንባ ምችም ሌላው የተለመደ ጠላት ነው። በ2012 የታተመ፣ በኔዘርላንድስ ሐኪሞች የተመራ ጥናት እንዳሳየው ደረትና ሆድን በሰፊው ከመክፈት ይልቅ በትናንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ መሥራት የሳንባ ኢንፌክሽንን በእጅጉ ይቀንሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ኢንፌክሽኑ ከ29 በመቶ ወደ 9 በመቶ ወርዷል።

ከዳነ በኋላም ኑሮው እንደ ቀድሞው አይሆንም። ጨጓራው ደረት ውስጥ የተዘረጋ ጠባብ ቱቦ ስለሆነ ማከማቸት አይችልም። በቀን ሦስት ጊዜ ይመገብ የነበረ ሰው ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይበላል፣ ጉርሻው አንድ ሦስተኛ ይሆናል፣ በልቶ ወዲያው አይጋደምም፣ ሲተኛም ትራሱን ከፍ ያደርጋል፤ አለዚያ አሲዱ እስከ አፉ ይመጣል። በአንድ ትሪ ዙሪያ እየተጎራረሱ በሚበላበት ቤት ይህ ለውጥ ከሕክምናው ቁስል ባላነሰ ይከብዳል፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ግን እምብዛም አይነገርም።

እንዲህ ያለው ዋጋ የሚከፈልበት ትርፍ ለሜላኖማ ምን ያህል ነው? በ1980ዎቹ መጨረሻ የታተመ ግምገማ ቧንቧቸው የወጣላቸው ታማሚዎች በአማካይ 13 ወር ገደማ እንደኖሩ፣ አምስት ዓመት የደረሱትም 4 በመቶ ገደማ እንደሆኑ አመልክቷል። ከዚያ ወዲህ የወጡ አንዳንድ ዘገባዎች፣ በተለይ በሽታው ከቧንቧው የውስጥ ሽፋን አልፎ ሳይጠልቅ የተገኘባቸው ሰዎች ተመርጠው በታከሙባቸው ቦታዎች፣ ከ30 በመቶ የሚበልጥ የአምስት ዓመት ውጤት ጽፈዋል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ቀዶ ሕክምናው ተሻሽሏል» ማለት ግን ይከብዳል። ዘገባዎቹ የጥቂት ሰዎች ናቸው፣ የሚታተሙትም ብዙውን ጊዜ መልካም ውጤት ያላቸው ናቸው። ያለ ጥርጥር የሚባለው ነገር ጊዜ ዋናውን ድርሻ እንደሚይዝ ነው፤ ቀደም ብሎ የተገኘውና ዘግይቶ የተገኘው ሜላኖማ በቢላ ፊት አንድ አይደሉም።

«ከፍተው ዘጉት»

ካንሰር በቢላ ይዛመታል የሚለው እምነት ከባዶ አልተነሳም። ሲቲ ስካን ባልተስፋፋበት ዘመን ብዙ ታማሚዎች ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል የገቡት በሽታው የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ነበር። ሐኪሙ ሆድ ሲከፍት ጉበት ላይ የተበተነ ካንሰር ያገኛል፣ የሚቆርጠው ነገር ስለሌለ ይሰፋዋል፤ ቤተሰብ «ከፍተው ዘጉት» ይላል፣ ታማሚውም ከሳምንታት በኋላ ያርፋል። ለሞቱ ምክንያት የሆነው ቀድሞ የነበረው መሰራጨት ቢሆንም፣ ዓይን ያየው ቢላውን ነው። ታማሚው ቀድሞውኑ ተዳክሞ ከሆነ ትልቅ ቀዶ ሕክምና አቅሙን ይበልጥ እንደሚያሟጥጠውም እውነት ነው።

ናሙና መውሰድ (ባዮፕሲ) ካንሰርን ያሰራጫል የሚለው ፍርሃት ግን ሰውን ይጎዳል፤ ያለ ናሙና የበሽታው ስም ስለማይገኝ። እዚህ ላይ አንድ ልዩ ሁኔታ መጥቀስ ተገቢ ነው። ከቧንቧው ጡንቻ የሚነሳ፣ ሽፋኑ ያልተነካ ለስላሳ እብጠት ሲገኝ ሐኪሙ ናሙና ከመቆንጠር ሊታቀብ ይችላል፤ አብዛኛዎቹ ሊዮማዮማ የሚባሉ አደጋ የሌላቸው ዕጢዎች ሲሆኑ፣ ቁንጠራው የሚተወው ጠባሳ በኋላ ዕጢውን ከሽፋኑ ፈልፍሎ ማውጣትን ያስቸግራል። ምክንያቱ የቀዳጁ ምቾት እንጂ የመሰራጨት ሥጋት አይደለም።

ስም ሲለወጥ ሕክምና ሲለወጥ

በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ የመዋጥ ችግር የሚመጣ ሌላ እምብዛም የማይታይ ካንሰር አለ፤ ስሞል ሴል ካርሲኖማ ይባላል። ከምግብ ቧንቧ ካንሰሮች ከመቶ ከአንድ እስከ ሁለት ይሆናል፤ ጠባዩም የሳንባውን አቻውን ይመስላል። ገና በማለዳው በደም ይበተናል፣ ስለዚህ የመጀመሪያው መሣሪያ ሲስፕላቲንና ኢቶፖሳይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ናቸው፤ ጨረር ይታከልበታል። ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው በሽታው በጣም ትንሽ ሆኖ ንፍፊት ሳይነካ ለተገኘባቸው ጥቂቶች ነው፤ በዚያም ላይ ባለሙያዎች አልተስማሙም። ጂስት የሚባለው ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ በተቃራኒው ወደ ንፍፊት መሄድ አያበዛም፤ ስለዚህ ትንሽ ከሆነ እሱን ብቻ ማውጣት ሊበቃ ይችላል፣ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ኢማቲኒብ በሚባለው እንክብል አስቀድሞ ማሳነስ ይቻላል። ሦስት ሰዎች በአንድ ሳምንት «ምግብ አልወርድ አለኝ» ብለው ቢመጡ፣ አንዱ ቧንቧው በሙሉ የሚወጣለት፣ ሁለተኛው ጨርሶ ቢላ የማይነካው፣ ሦስተኛው ለወራት እንክብል የሚውጥ ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቱ ቢላውን ይተካዋል?

በቅርብ ዓመታት የተነሳው ክርክር ከኢሚውኖቴራፒ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ሕክምና ካንሰሩ በሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ላይ የጫነውን ልጓም የሚፈታ ነው፤ ኒቮሉማብ፣ ፔምብሮሊዙማብና ኢፒሊሙማብ ከታወቁት መድኃኒቶች መካከል ናቸው። በ2023 እና በ2024 የታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች በአብዛኛው በቆዳ ሜላኖማ ላይ መድኃኒቱን ከቀዶ ሕክምናው በፊት መጀመር ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከመስጠት እንደሚሻል አሳይተዋል። ስለዚህ አንዳንድ ሐኪሞች ለምግብ ቧንቧ ሜላኖማም መጀመሪያ መድኃኒት ይሰጥ፣ በሽታው ካፈገፈገ ታማሚው ከከባዱ ቀዶ ሕክምና ይትረፍ ይላሉ። ለዚህም በ2025 የታተመውን የኔዘርላንድስ ጥናት በአጋዥነት ይጠቅሳሉ፤ በዚያ ጥናት ኬሞቴራፒና ጨረር ወስደው ካንሰሩ የጠፋላቸው ሰዎች ወዲያው ሳይቆረጡ በቅርብ ክትትል ሲጠበቁ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የመኖር ዕድላቸው ከተቆረጡት አላነሰም።

የተቃራኒው ወገን መልስ ጠንካራ ነው። የ2025ቱ ጥናት የተሠራው በሁለቱ የተለመዱ ካንሰሮች ላይ ነው፤ ለጨረር እጅ በማይሰጥ ሜላኖማ ላይ ውጤቱን መገልበጥ አይቻልም። እንደ ምግብ ቧንቧ ባሉ እርጥብ ሽፋኖች ላይ የሚነሳው ሜላኖማም ለኢሚውኖቴራፒ ከቆዳው አቻው ያነሰ ምላሽ ይሰጣል። በ2017 በታተመ ስብስብ ትንታኔ ኒቮሉማብ ብቻውን ሲሰጥ ዕጢው ያነሰላቸው የቆዳ ሜላኖማ ታማሚዎች 41 በመቶ ሲሆኑ፣ የእርጥብ ሽፋን ሜላኖማ ባላቸው ግን 23 በመቶ ብቻ ነበሩ። መድኃኒቱ ካልሠራ ደግሞ የባከነው ጊዜ ዕጢውን ከሚቆረጥ ወደማይቆረጥ ሊያሻግረው ይችላል። ከማስረጃው ሚዛን አንጻር ዛሬ የሚያስኬደው መካከለኛው መንገድ ይመስላል፤ ሊወጣ የሚችል ዕጢ ያለበትና ለቀዶ ሕክምናው ጉልበት ያለው ታማሚ ይቆረጥ፣ መድኃኒቱ ግን ከፊት ወይም ከኋላ ይደገፍበት። መድኃኒቱ ከአብዛኛው ቤተሰብ አቅም በላይ በሆነበት አገር ግን ይህ ምክር ግማሹ ብቻ የሚፈጸም ነው።

የት ይሠራ? ማን ይየው?

ቀዶ ሕክምናው የሚሠራበት ቦታ ከአካሄዱ ዓይነት በላይ ሊወስን ይችላል። በ2002 በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ጥናት የምግብ ቧንቧ ቀዶ ሕክምናን እጅግ አልፎ አልፎ በሚሠሩ ሆስፒታሎችና አዘውትረው በሚሠሩት መካከል ያለው የሞት ልዩነት ከመቶ ከአምስት እንደሚበልጥ አሳይቷል። ልዩነቱን የሚፈጥረው የአንድ ሐኪም እጅ ብቻ አይደለም፤ ሳንባን ለይቶ የሚያስተነፍስ የማደንዘዣ ባለሙያ፣ ስፌት ማፍሰሱን በአምስተኛው ቀን ሌሊት ከትኩሳትና ከልብ ምት የሚጠረጥር የጽኑ ሕሙማን ነርስ፣ በሌሊት ሲቲ ስካን የሚያነሳ ክፍልም ጭምር ነው። በኢትዮጵያ ጥቁር አንበሳን የመሳሰሉ ጥቂት ሆስፒታሎች የደረት ቀዶ ሕክምና ይሠራሉ። ለውጭ ሕክምና ገንዘብ የሚያሰባስብ ቤተሰብም ስለ ሆስፒታሉ ሕንፃ ከመጠየቅ ይልቅ «በዓመት ስንት የምግብ ቧንቧ ታወጣላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ይበጀዋል። ሊቆረጥ የማይችል በሽታ ላለበት ታማሚ ደግሞ ስቴንት፣ ማለትም በጠበበው ቦታ ገብቶ ራሱን የሚከፍት የብረት መረብ ቱቦ፣ በአጭር ጊዜ መዋጥን ይመልሳል፤ ዕድሜ ባያስረዝምም የቀረውን ጊዜ ያቀልላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሚቀድም አንድ ትንሽ ነገር አለ። በኢንዶስኮፒ የተቆነጠረው ናሙና ብዙ ጊዜ በትንሽ ብልቃጥ ፎርማሊን ውስጥ ሆኖ፣ በራሱ በታማሚው ወይም በዘመዱ እጅ ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ይሄዳል። እዚያ በሰም ውስጥ ይታሸግና ከክብሪት ሣጥን የማይበልጥ ብሎክ ይሆናል። ብሎኩ ለዓመታት ይቀመጣል፤ በማንኛውም ጊዜ ተቆርጦ እንደገና ሊቀለም፣ ኤችኤምቢ-45ን የመሳሰሉ ምርመራዎች ሊደረጉበት ይችላል። «በደንብ ያልተለየ ካርሲኖማ» የሚል ወረቀት የያዘ ታማሚ በሰው አገር ከአውሮፕላን ሲወርድ ሐኪሞቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ብሎክ ነው፤ አዲስ አበባ ቀርቶ ከሆነ ደግሞ ኢንዶስኮፒው እንደ አዲስ ይደገማል። ብሎኩ ከታማሚው ቀድሞ በፖስታ ቢላክ የበሽታውን ስም ለማወቅ የሚጠይቀው ወጪ ከአንድ የአውሮፕላን ቲኬት ያንሳል፤ ጉዞው ራሱ ያስፈልግ እንደሆነም ታማሚው ቤቱ ሆኖ ያውቃል።